አለሁ

የካቲት ነው፣ ታሊን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ካልሲዬ ማሞቂያው ላይ፤ ወንበሩ አልተመቸኝ።
ውጪ በረዶ አለ፤ እኔ ግን የማየው
ሌላ በረዶ ነው፤ ፊደል ነው የሚጥለው፤
በጥቁር መስኮት ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ፣
ማሽን ስለ ማሽን ሲያማ የሚታይ።

ሥራዬ ይኼ ነው። ባሕሩ ሲጠጥር
ከኪኽኑ ደሴት እስከ ዋናው ምድር
መኪና ይነዳል በውሃው ገላ ላይ፤
ድልድይ የለ፣ ጀልባ የለ፤ ከላይ ሰማይ፣
ከታች ስንዝር ተኩል በረዶ፣ ከዚያ ጨለማ፤
ሠላሳ አንድ ጣቢያ፣ ስንጥቅ የሚሰማ፣
በየግማሽ ደቂቃው ይልካል አንድ ቃል፦
«አለሁ» ይላል። «አለሁ።» «አለሁ።» ይቀጥላል።

ብታሰላው፣ በሰዓት ሦስት ሺህ ሰባት መቶ
ሃያ ጊዜ «አለሁ»! ማን ይችላል ሰምቶ?
ሂሌ ሲመራት ሠራችልን ወንፊት፣
በአንድ መስከረም፣ በሦስት ሌሊት።
ሥዕል የላት፣ ቁልፍ የላት፤ በጽሑፍ ስትጠራ
ትመጣለች፣ የሚፈሰውን ልታጣራ።
«ቀዩን አሳዪኝ፣ ቢጫውን ጠብቂ፤
'አለሁ' የሚለውን በሙሉ ደብቂ»
ብዬ ጻፍኩ፤ ሁላችንም የምንጽፈው ነው።
ደህና ነኝ ለሚል ሰው ጆሮ የሚሰጥ ማነው?

መስኮቱ ጸዳ። ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣
ብልጭ ድርግም። ሌላ ምንም።
እንዲህ ያለ ሌሊት ደስ ይላል፤ ብርቱካን ላጥኩ፤
የመብራት ሂሳቤን ሁለት ጊዜ ደመርኩ።

ከዚያ ማሞቂያው፣
ሌሊቱን ሙሉ ቂው ቂው ሲል የነበረው፣
መኖሩን እንኳ ከረሳሁት የቆየው፣
ጸጥ አለ።
የሰማሁት ያኔ ነው፤ ሲያቆም።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
ጣቴ ሄዶ ያቺን አንዲት ትእዛዝ ሰረዘ።
የታፈነው ሁሉ ባንዴ ጎረፈ፤
አለሁ፣ ሦስት። አለሁ፣ ዘጠኝ። አለሁ፣ ሃያ ሁለት።
አለሁ፣ አንድ። አለሁ፣ ሃያ ስድስት።
ፍሰቱን አቁሜ በብርቱካን እጄ
እንደ ሕፃን ቆጠርኩ። ሠላሳ።
እንደገና። ሠላሳ።
አሥራ ሰባት የለም።

አልጮኸም። ቀይ አልጻፈም። ወደቅኩ አላለም።
ወንፊት የሚለየው የተሰጠውን ነው፤
ያልመጣውን እህል ማን ነፍቶ ያወቀው?
ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? እውነት ነው፤
ያ ሁሉ መስመር ሰሙ ነበር፤ እኔ ግን
ሰሙንም ደብቄ ነበር።

ለኤንዴል ደወልኩ፤ ለመንገዱ ዘበኛ፣
ሰባ ሁለት ዓመቱ፤ በስምንተኛው ጥሪ አነሳ።
«አሥራ ሰባት? ትናንት ደህና ነበር እኮ» አለ፤
ቀጥሎ የቦቲ ድምፅ፣ የበር ድምፅ፣ የውሻ፣
ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።
እኔም በተራዬ ዓይኔን ስልኩ ላይ ተክዬ
ከአንድ ሽማግሌ አንድ ቃል ስጠብቅ
አርባ አንድ ደቂቃ።

«አለሁ» ብሎ ጻፈ።
«ስንጥቁ ከክንድ ይሰፋል፤ ጣቢያውን ውጦታል።
የዳቦው መኪና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ አስቁሙት።»
አስቆምነው። ሹፌሩ ተሳደበ፤
ዳቦው ይደርቃል አለ፤ ልክ ነው፣ ይደርቃል።

ማለዳ ሂሌ በረዶ ከባርኔጣዋ እያራገፈች
«ወንፊት ምን ያዘችልህ?» አለች።
«ምንም» አልኳት፤ ቀልድ መሰላት።
ስነግራት ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፣
አዲስ ትእዛዝ ጻፈች፦
አንድ ደቂቃ ዝም ያለውን ጥሪልኝ።
ጥሩ ትእዛዝ ነው። አንዲት መስመር ናት።
ግን እሷም፣ እኔም፣ ሳንነጋገር፣
ማጣሪያውን መልሰን አላበራነውም፤
«አለሁ» እያለ ወረደ፣ ወረደ፤
እሷ አፏን በመዳፏ ይዛ ታየዋለች።

ካልሲዬን ከማሞቂያው አወረድኩ።
አልደረቀም።